አንድ ጣሳ ቀዝቃዛ ውሃ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ቡርሳ ገባን። ወንድሜ ጋሼ ኑስረት ከከተማችን ከባሊኬሲር መውጫ ጀምሮ አውቶቡስ ውስጥ አንቀላፋ፤ አፉን ከፍቶ እያንኮራፋ። ከጎኑ ለተቀመጡት ሴትዮ "ጡረታ የወጣ የኦፔራ ዘፋኝ ነው፣ ድምፁን እያሟሸ ነው" አልኳቸው። አመኑኝ! ሲነቃ "እባክዎ አንዲት ዜማ ያሰሙን" ብለው ለመኑት። ሠላሳ አምስት ዓመት የባቡር ትኬት ሲቆርጥ የኖረ ሰው… ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ማረፊያችን እስክንደርስ አላናገረኝም። ከዚያ ሳቀ። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይስቃል።

አሥራ አንደኛ ዓመታችን ነው። በየጥቅምቱ አንድ ሳምንት እረፍት፣ ሁለት ወንድማማቾች፣ ያው ማረፊያ፣ ያው ሐማም፣ የቱርክ የእንፋሎት ገላ መታጠቢያ። ሚስቱ እትዬ ሙአላ ስትሸኘን "ሳብሪ፣ ጉልበቱን በደንብ ያሹለት፣ እያቃሰተ አላስተኛኝ አለ" አለችኝ። "ጉልበቱን አሞት መሰለሽ? አንቺን እያሰበ ነው" አልኳት። በጨርቅ መታችኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዝናብ። ቀኑን ሙሉ ሻይና የታውላ ጨዋታ። ጋሼ አራት ጊዜ አሸነፈኝ፤ አንድ ጠጠር ሰርቄበት እንኳን። ነገ ሐማም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ገባን። ባዶ ነበር። ጥግ ያለው ገንዳ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል፤ ሌላ ሰው የለም። ተረኛው አጣቢ ዱርሱን። አሥራ አንዱንም ዓመት ያጠበን እሱ ነው። መዳፉ አካፋ ያህላል፣ ወሬው ግን በማንኪያ ነው። መጀመሪያ እኔን አጥቦ ጨረሰ። ከዚያ ጋሼ ትኩሱ ድንጋይ ላይ በሆዱ ተጋደመ፤ ሽርጡን ወገቡ ላይ አድርጎ። ዱርሱን በሻካራው ጓንት ሲፈትገው እድፉ እየተጠቀለለ ይወርዳል።

"ጋሽ ዱርሱን፣ ቀስ በል፣ ከእድፉ ስር ሰው ላይኖር ይችላል" አልኩ።

ጋሼ ቀና ሳይል፣ "ሲበቃህ የዚህን ሰው አፍ በሳሙና እጠብልኝ" አለ።

"ሳሙናው አይበቃም" አለ ዱርሱን። ከዱርሱን ይህ ረጅም ንግግር ነው። ሦስታችንም ሳቅን።

ከዚያ አረፋው መጣ። ጨርቁን ሳሙና ውስጥ ነክሮ፣ በአየር ነፍቶ፣ ጨመቀው፤ ጋሼ ከአንገቱ እስከ ተረከዙ ነጭ ሆነ። ማሸት ጀመረ። ትከሻ፣ ወገብ፣ ያ የሚያቃስተው ጉልበት። ጋሼ ሊያንኮራፋ ምንም አልቀረውም።

እኔ ደግሞ ያቺ የቀልድ ነገሬ መጣችብኝ… ዱርሱን ቆሞ እያየ ግን አትሆንም። አይፈቅድም።

"ጋሽ ዱርሱን፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። ሶዳ ከሎሚ ጋር አምጣልኝ።"

"ሳሙናውን ላለቅልቅላቸውና።"

"አሁን ነው የጠማኝ እኮ!"

አመነታ። ሳሙና ላይ ያለ፣ ገና ያልተለቀለቀ ሰው ብቻውን አይተውም። ሐማም ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። "ወንድሙ አለሁ አይደል? አንድ ደቂቃ ናት" አልኩት። ሄደ።

ከቀዝቃዛው ቧንቧ ጣሳውን ሞላሁ። ጀርባው ላይ ደፋሁት።

ጋሼ ጮኸና ብድግ አለ። ሊደገፍ ድንጋዩን ያዘ። ድንጋዩ ሳሙና ነው። ተንሸራትቶ በጎኑ ወለሉ ላይ ወደቀ። ድምፁ… ከሰው የወጣ አይመስልም።

ጣሳውን ወደ ገንዳው መለስኩት። መጀመሪያ ያደረግኩት እሱን ነው። ከዚያ ነው ወደ ወንድሜ የሮጥኩት። ለምን?

ሆስፒታል ወሰድነው። ዳሌው ተሰብሯል። ነገ ኦፕራሲዮን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

እትዬ ሙአላና ልጃቸው ቱንጃይ በጠዋት ደረሱ። ቱንጃይ ጠበቃ ጋ ነው የሚሠራው፤ ገና ሳይቀመጥ መጠየቅ ጀመረ። "አባዬ፣ እንዴት ወደቅክ?"

ጋሼ በማደንዘዣው መሐል እየዋለለ፣ "አጣቢው… ቀዝቃዛ ውሃ ደፋብኝ። ድንገት" አለ።

በሆዱ ተኝቶ ነበር። አላየኝም። ሊያለቀልቀው የመጣ ዱርሱን መስሎታል።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። "አንተስ አጎቴ፣ የት ነበርክ?"

"ገንዳው ጋ" አልኩ።

እውነት ነው እኮ። ገንዳው ጋ ነበርኩ። ይህን የመሰለ እውነት ከየት አገኘሁ?

ኦፕራሲዮኑ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀ። ተሳክቷል ተባለ። ሐኪሟ ግን "እንደ ድሮው ይራመዳሉ ብዬ ቃል አልገባም" አለች። እትዬ ሙአላ እጄን ይዛ፣ "ሳብሪ፣ አንድ ነገር በል እንጂ፣ ዝምታህ አስፈራኝ" አለችኝ። እንዲህ ባለ ቀን ሰውን የማስቀው እኔ ነኝ። በልጅነታችን አባታችን የሞተ ዕለት እንኳን አስቄያታለሁ… አይ፣ እሷን አይደለም፣ ጋሼን ነው ያሳቅኩት። ዛሬ ምንም አልመጣልኝም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ቱንጃይ ወረቀት ይዞ መጣ። ለማዘጋጃ ቤቱ የሚገባ አቤቱታ። አጣቢው ሳሙና ላይ ያለ ሽማግሌ ትቶ መሄዱ፣ ሲመለስ ሳያስጠነቅቅ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋቱ… አሳምሮ ጽፎታል።

"የሐማሙ ባለቤት ከሥራ አግዶታል" አለኝ። "ይሄ ሰኞ ሲገባ ደግሞ ሌላ ሐማምም አይቀጥረውም። አጎቴ፣ ያየኸው አንተ ብቻ ነህ። እዚህች ጋ።"

እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ።

ፈረምኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ምን ነካህ፣ ሳብሪ?

ሥራዬ ሬዲዮ መጠገን ነው፤ ከማንም አልተማርኩም። ፈታሁ፣ አየሁ፣ ገጠምኩ፤ ያልገባኝን እስኪገባኝ ድረስ አነበብኩ። የፈረመችውን እጄን ግን ብፈታት ምን አገኛለሁ?

ዱርሱንን ፍለጋ ሄድኩ። ከሐማሙ ማዶ ሻይ ቤት ተቀምጧል። ሠላሳ አንድ ዓመት ቅዳሜን ሥራ ላይ የዋለ ሰው እጁን የት እንደሚያስቀምጥ ጠፍቶታል። ጣቶቹ ከውሃው ብዛት ሁልጊዜ የተጨማደዱ ነበሩ፤ በሦስት ቀን ደርቀው የሌላ ሰው ጣት መስለዋል።

"ወንድምዎ እንዴት ናቸው?" ቀድሞ የጠየቀው እሱ ነው።

"ደህና ነው… ጋሽ ዱርሱን፣ ለባለቤቱ ምን አልካቸው?"

"ሳሙና ላይ ያለ ሰው ትቼ ወጣሁ አልኩ። ጥፋቴ ነው።"

"ስለ ውሃውስ?"

ሻዩን አማሰለ። ስኳር አልጨመረበትም።

"ውሃውን እኔ አልደፋሁም። ሽማግሌው ከጥጉ አልተነሱም። እንግዲህ ማን ቀረ?"

"ታዲያ ለምን አትናገርም?"

"የውስጡን ወደ ውጭ አንወስድም። ሰው እኛ ጋ ራቁቱን ነው የሚመጣው። ማን ጀርባው ላይ ምን እንዳለ፣ ማን ድንጋዩ ላይ ተኝቶ እንዳለቀሰ… ስንቱን አይቻለሁ መሰለዎት? አንዱን ከተናገርኩ ነገ ማን ይተኛልኛል?"

"ሥራህን ልታጣ ነው እኮ!"

"እሱን ለእኔ ይነግሩኛል?"

አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ምናለበት… ማመን ያቅታል እንጂ ቀልድ ልወረውር ነበር። ሳልወረውረው ተነስቼ ሄድኩ።

ስለ ወረቀቱ አልነገርኩትም።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ለጋሼ ነገርኩት።

እትዬ ሙአላ ሾርባ ልታመጣ ወርዳለች። ቱንጃይ ስልክ ላይ ነው። ሁለታችን ብቻ።

"ጋሼ፣ ዱርሱን አይደለም። እኔ ነኝ።"

"ምኑን?"

"ውሃውን። ሶዳ አምጣ ብዬ አስወጣሁትና… ለቀልድ… ትዘላለህ፣ ትሰድበኛለህ፣ ከዚያ እንስቃለን ብዬ።"

ጣሪያውን አየ። ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ መሰለኝ። ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ አሁንም ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ!

"ልጄ ያነበበልኝ ወረቀት ላይ ፈርመሃል።"

"አዎ።"

"ዓርብ ዕለት።"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"የረቡዑ ቀልድ ነው እንበል። የዓርቡስ ምንድን ነው?"

አሁንም ቁጭ ብዬ እያሰብኩ ነው። ፈራሁ ልበል? ምን ፈራሁ? እስር ቤት አይደለም። "አጎት ሳብሪ መጣ!" ሲባል የቤተሰቡ ልጆች ከየክፍላቸው እየሮጡ የሚወጡትን ነገር… እሱን እንዳላጣ ነው። በዱርሱን እንጀራ ልገዛው።

"ለቱንጃይ ራስህ ንገረው" አለ ጋሼ። "እኔ አልነግርልህም። ከዚያ የሐማሙ ባለቤት ጋ ሂድ። አሁን ውጣልኝ፣ ስቆጣ ጎኔን ያመኛል።"

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ቱንጃይን በጠዋት የማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ደረስኩበት። ወረቀቱን ገና አላስገባም። እዚያው ደረጃው ላይ ነገርኩት።

ወረቀቱን ቀደደው። የቀደደውን ደግሞ ቀደደው።

"በሐሰት ላስከስሰው ነበር" አለ። "በአባቴ ስም።" ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰ። "ልጅ ሆኜ ጓዳ ውስጥ ቆልፈህብኝ ስትስቅ ትዝ ይልሃል?"

"አንተም ትስቅ ነበር እኮ።"

"እየፈራሁ ነው የምስቀው፣ አጎቴ።"

ይህን አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንቱን ሳቅ እያነሳሁ አየሁ… የትኛው ሳቅ ነበር፣ የትኛው ፍርሃት?

ሆስፒታል ተመልሼ ስነግራት እትዬ ሙአላ አልጮኸችም። ከጎኗ ካለው ወንበር ቦርሳዬን አንስታ በሩ አጠገብ አስቀመጠችው።

የሐማሙ ባለቤት ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሶዳውንም፣ ጣሳውንም። ጽፌ ፈረምኩላቸው። ይችኛዋ ፊርማዬ ተንጋደደች። "ከነገ ጀምሮ ይግባ" አሉ፣ ፊቴን ሳያዩ።

ዱርሱን ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ስለ ወረቀቱም ነገርኩት፤ ይቅርታ ጠየቅኩት።

"አላህ ይቅር ይበልዎ" አለኝ። "በሩ የሁሉም ነው፣ አይምጡ አልልም። የእኔ እጅ ግን ከእንግዲህ እርስዎን አያጥብም።"

ራሴን ነቀነቅኩ።

"ወንድምዎን ግን ሲሻላቸው ይላኩልኝ" አለ። "ያ ጉልበታቸው ታሽቶ አላለቀም።"

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ባሊኬሲር። ብቻዬን ተመለስኩ። ሱቄን ከፈትኩ። ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው በመስኮት ብቅ ብሎ፣ "ምን ተንኮል ሠርተህ መጣህ?" አለኝ፤ እንደ ሁልጊዜው።

"ብዙ" አልኩት።

በጣም ሳቀ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ስልክ አልደወሉም። እኔ ደወልኩ። እትዬ ሙአላ "ማክሰኞ ከሆስፒታል ይወጣል" አለችና ዘጋችው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ቀትር ላይ እትዬ ሙአላ ደወለች። "መኪናው ቤታችን በር ላይ ነው። ቱንጃይ አንድ ክንዱን ይይዛል። ሌላውን የሚይዝ ሰው የለም።" ሱቁን ሳልዘጋ ሮጥኩ።

ቤታቸው አንደኛ ፎቅ ነው። አሥራ ስድስት ደረጃ። ስንት ዓመት ስወጣና ስወርድ ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

ጋሼ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አየኝ። ከስቷል። ሰላም አላለኝም። ቱንጃይም ሰላም አላለኝም። ጎንበስ ብዬ ጠበቅኩ። ከቆይታ በኋላ ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጣለው።

አንድ፣ ሁለት። ጥሩውን እግር፣ ከዚያ መጥፎውን። ስድስተኛው ላይ ትንፋሽ አጠረውና ቆመ። ከላይ ጎረቤቶች በር ከፍተው ያያሉ። አንዲት ቀልድ ምላሴ ላይ መጣች፤ ጥሩ ቀልድ ነበረች፣ ቱንጃይን ጭምር ታስቀው ነበር። ዋጥኳት። ጋሼ በጆሮዬ ስር ይተነፍሳል። ላቡ በአንገቴ ይወርዳል።

"ጠበቅ አድርገህ ያዘኝ" አለኝ።

በዘጠኝ ቀን ውስጥ የነገረኝ ይህን ብቻ ነው። አሥር ደረጃ ይቀረን ነበር።