ለልጆች የፊት ወንበር ላስከበሩት ለወ/ሮ አትጠገብ በቀለ

የዲላና አካባቢዋ መስማት የተሳናቸው ልጆች ወላጆች ማኅበር መሥራችና የረጅም ጊዜ ሰብሳቢ ወ/ሮ አትጠገብ በቀለ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ትናንት፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤታቸው ዐርፈዋል። ማኅበራችን ይህን ለአባላቱ፣ ለመምህራንና ለከተማው ሕዝብ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። ሆኖም የለፉበትን ነገር በዓይናቸው አይተው ስለሄዱ ልባችን ተጽናንቷል።

ወ/ሮ አትጠገብ በቡሌ ወረዳ ተወልደው በትዳር ወደ ዲላ መጡ። ከባለቤታቸው ከአቶ ደግነት ጋር ልጆች ያሳደጉት ከቡሌ ቆጮና ቡላ እያመጡ ገበያ በመሸጥ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው ትንቢት በሕፃንነቷ በጽኑ ትኩሳት ታማ ብትድንም መስማት ተሳናት።

በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ ልጃቸውን ትምህርት ቤት አስመዘገቡ። ትንቢት መጨረሻው ወንበር ላይ እንድትቀመጥ ተደረገ። ይህ የተደረገው በክፋት አልነበረም፤ የማትሰማ ልጅ ከፊት ተቀምጣ የሚሰማ ልጅ ቦታ ለምን ታጣብባለች ተብሎ ነው። ክፋት ቢሆን ኖሮ መልስ መስጠት ይቀል ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ወ/ሮ አትጠገብ እንደ እርሳቸው ያሉ ወላጆችን ከየቤቱ ፈልገው ማኅበራችንን መሠረቱ። አብዛኞቻችን እናቶች ነበርን፤ ከአባቶች የመጡት አቶ ሲላስ ብቻ ናቸው። የማኅበሩ የመጀመሪያ ውሳኔ፣ ሰብሳቢዋ አቅርበውት ሁላችንም እጃችንን ያወጣንለት፣ ለልጆቻችን ክፍል ድምፅ ማጉያ መግዛት ነበር። ገዝተንም በጭብጨባ አስረከብን። ድምፅ ማጉያው ዛሬም ደኅና ነው፤ ጠዋት ጠዋት ለሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ያገለግላል። ወ/ሮ አትጠገብ ይህን በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እያነሡ አባላቱን ያስቁ ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ራሳቸው መስማት የተሳናቸው መምህር ልዑልሰገድ በልዩ ፍላጎት ትምህርት ተመድበው መጡ። ልጆቹ የሚያስፈልጋቸው የመምህሩን ፊትና እጅ ማየት እንደሆነ ያስረዱን እርሳቸው ናቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ወ/ሮ አትጠገብ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት ክፍል እየገቡ ልጆቹን ከኋላ ወደ ፊት ያመጡ ጀመር። ቀን ላይ ወደ ኋላ ቢመለሱ በማግስቱ ጠዋት ወደ ፊት ያመጧቸዋል። በዚህ ሁኔታ ከአንድ መንፈቀ ዓመት በላይ ከተገፋ በኋላ የፊተኛው ረድፍ ለልጆቹ ተፈቀደ።

መምህር ልዑልሰገድ ቅዳሜ ቅዳሜ ለእናቶች የምልክት ቋንቋ ያስተምሩ ነበር። ከመካከላችን ፊደል ያልቆጠርን ብዙዎች ነበርን፤ በልጅነታችን ማን ልኮን። «ሀ»ን በወረቀት ከማወቃችን በፊት በጣታችን አወቅነው። ወ/ሮ አትጠገብም ከእነዚሁ አንዷ ነበሩ። ይህን መግለጫ የጻፈች እጅም ፊደል የለመደችው በዚያ ክፍል ነው።

በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ ትንቢትና ጓደኞቿ አራተኛ ክፍልን ጨረሱ። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ የምልክት ቋንቋ መምህርም ሆነ አስተርጓሚ እንደማይኖር፣ ማንበብና መጻፍ ከቻሉ እንደሚበቃቸው ተነገረን። ወ/ሮ አትጠገብ ክረምቱን በሙሉ ከገበያ መልስ ጉዳዩ ወደሚመለከተው ቢሮ እየሄዱ በረንዳው ላይ ይቀመጡ ነበር። አንድ ኃላፊ «እናቴ፣ ዛሬም መጡ? ደመወዝ እንቁረጥልዎት እንዴ?» ብለው ቢቀልዱባቸው፣ «ለእኔ ይቅር ልጄ፤ ለአስተርጓሚዋ ቁረጡላት» ብለው መለሱ። ያን ቀን በረንዳው ላይ የነበረ ባለጉዳይ ሁሉ ስቋል። መስከረም ላይ ወ/ሪት እሌኒ በአስተርጓሚነት ተቀጠሩ፤ እስከ ዛሬም እየሠሩ ነው።

በ2010 ዓ.ም. አቶ ደግነት ሲያርፉ በቤተ ክርስቲያን የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ፣ ተሰበከ፣ ተዘመረ። ትንቢት ከፊት ከተቀመጡት ታላላቅ እንግዶች ጀርባ ሆና፣ ሰው ሲነሣ እየተነሣች፣ ሲቀመጥ እየተቀመጠች አባቷን ሸኘች። ስለ አባቷ ምን እንደተባለ ያወቀችው ቤት ከገቡ በኋላ ከእናቷ እጅ ነው። ያን ዕለት ማናችንም፣ ማኅበሩን ጨምሮ፣ አላሰብንበትም። ወ/ሮ አትጠገብ ለዚህ ማንንም አልወቀሱም፤ በሚቀጥለው እሑድ ግን ቤተ ክርስቲያኑ አስተርጓሚ እንዲመድብ ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም።

በ2015 ዓ.ም. የምስጋና ምስክር ወረቀት ተሰጥቷቸዋል። ከሰጧቸው መካከል ቀድሞ በር የዘጉባቸው ይገኙበታል። እርሳቸው ተቀብለው አመስግነዋል። ማኅበሩ ግን የማስታወስ ችሎታው ጥሩ ነው።

በ2016 ዓ.ም. መምህርት ትንቢት ደግነት ሥልጠናቸውን አጠናቅቀው በተማሩበት ክፍል መምህርት ሆነው ተመደቡ። ወ/ሮ አትጠገብ ጉልበታቸው እስከፈቀደ ድረስ ወደ ክፍሉ ብቅ እያሉ ከበሩ አጠገብ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር። ልጃቸው ስታስተምር ማየት እንደማይጠግቡ ለሁላችንም ነግረውናል፤ ፊታቸውም ይመሰክር ነበር።

ማኅበራችን ለመምህርት ትንቢትና ለወንድሞቻቸው፣ ለመምህር ልዑልሰገድ፣ ለወ/ሪት እሌኒ፣ በቡሌና በዲላ ለሚገኙ ቤተ ዘመዶች፣ በገበያ አብረዋቸው ለዋሉ ሴቶች ሁሉ መጽናናትን ይመኛል።

የቀብር ሥነ ሥርዓቱ ነገ ማክሰኞ ከቀኑ በስድስት ሰዓት አቶ ደግነት በተሸኙበት ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። በወ/ሮ አትጠገብ ኑዛዜ መሠረት ወ/ሪት እሌኒ ከሰባኪው ጎን ቆመው ሁሉንም ያስተረጉማሉ። የፊተኛው ረድፍ ለመምህርት ትንቢትና ለተማሪዎቻቸው ተይዟል። ከየመሥሪያ ቤቱ የምትመጡ ክቡራን እንግዶች ከኋላ እንድትቀመጡ በአክብሮት እንጠይቃለን። እናንተ ከኋላም ይሰማችኋል።

ማኅበሩ
ዲላ፣ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.