ለአቶ ልዑልቃል፣ ስለ ሁለት ሜትር ሽቦ

ለተከበሩ አቶ ልዑልቃል
የመሥሪያ ቤታችን የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ እያልሁ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ ጆሮዎ እንዴት ሰነበተ? የጋራዣችን ድምፅ እንደሚረብሽዎት ካወቅን ጀምሮ እኛ ሠራተኞችዎ ስለ ጆሮዎ ስንጨነቅ ከርመናል። ፈጣሪ ሁለቱንም እግሮችዎን እስከ ጫማቸው እንዲጠብቅልዎም ከልቤ እመኛለሁ፤ እግር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በዚህ ወር በደንብ ተምረናልና።

እኔ ነጃት እባላለሁ። በስም ላያውቁኝ ይችላሉ፤ ከቢሮዎ መስኮት ቁልቁል ሲመለከቱ ሰማያዊ ቱታ ለብሳ ራሷን በሻሽ ያሰረች ሴት ካዩ እሷ እኔ ነኝ። ከቁስቋም ዝቅ ብሎ ባለው ጋራዣችን በመካኒክነት ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጥር ሃያ ስድስት ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ከደባርቅ የተመለሰችው ፒካፕ ከነሊፍቱ ወርዳ የባልደረባዬን የአንዱዓለምን ቀኝ እግር ስትጨፈልቅ አጠገቡ ነበርሁ። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። እርስዎ ያቋቋሙት አጣሪ ኮሚቴ ደግሞ «አደጋው የደረሰው በሠራተኛው የግል ቸልተኝነት ነው» የሚል ቃለ ጉባኤ አዘጋጅቶ፣ የዓይን ምስክር ነሽና እስከ ዓርብ ፈርሚ ብሎኛል። ፊርማዬን በጉጉት እንደሚጠብቁ ስለ ሰማሁ፣ አስቀድሜ ጥቂት ምስጋናዎችን በአደባባይ ላቀርብልዎ ወደድሁ።

አንደኛ፤ ስለ ጸጥታ ወዳድነትዎ። ይህን የሚያነብ ሁሉ መካኒክ አይደለምና ላስረዳ። ሊፍታችን መኪናን ከሰው ቁመት በላይ አንሥቶ የሚይዝ ሁለት የብረት ምሰሶ ነው። ወደ ላይ የሚገፋው የዘይት ግፊት ነው፤ ዘይት ግን ይፈስሳል፣ ቱቦም ይፈነዳል፤ ስለዚህ ማሽኑን የሠሩት ሰዎች በየምሰሶው ውስጥ የብረት ጥርስ አስገብተዋል። መኪናው ከፍ ባለ ቁጥር ጥርሱ ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያለ ይቆለፋል፤ ዘይቱ ቢከዳ ጥርሱ ይይዛል። ከሥር ለምንገባው ለእኛ ይህ ድምፅ በሕይወት ወደ ቤታችን የመመለሳችን ዋስትና ነው። ለእርስዎ ግን፣ ቢሮዎ ከጋራዡ ራስ ላይ ስለሆነ፣ የስብሰባ ጠንቅ ሆነ። ባለፈው መስከረም «ይህ ቋቋታ ይቁም» ብለው አዘዙ፣ ሁለቱም ጥርሶች ወደ ኋላ ተስበው በሽቦ ታሰሩ፣ ቋቋታውም ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሁለት ቶን በላይ ብረት በዘይት ብቻ ተንጠልጥሎ ሥሩ ስንገባና ስንወጣ አራት ወር አሳለፍን። በእነዚህ አራት ወራት ያደረጓቸው ስብሰባዎች እንዳማሩ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ፈጣን ውሳኔዎ። ከመካከላችን አንጋፋው አያ መለሰ፣ የአይከል ሰው ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ከመኪና ሥር ኖረዋል። በጥቅምት ወር ከግራው ምሰሶ ግርጌ ዘይት ሲንጠባጠብ አይተው ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ከሥሩ አስቀመጡና፣ «ምነው ነጃት፣ ይህ ማሽን ሽንቱን መያዝ አቃተው እኮ! ማኪና የሚያህል ነገር እንዴት አድርጎ ሊይዝ ነው? ሸጋ አይደለም፣ ለሰውዬው ንገሪው» አሉኝ። ለሰውዬው፣ ማለትም ለክቡርነትዎ፣ ዘይቱን የሚያቆመው ጎማ እንዲቀየር ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠየቅን። የመጀመሪያው ጥያቄ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል ተብሎ ተመለሰ። ሁለተኛው ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ተባለ። ሦስተኛው በጥቁር እስክሪብቶና በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለ ነበር ነውር ሳይገኝበት ጠረጴዛዎ ላይ ቀረ። ቆርቆሮው ስንት ጊዜ ሞልቶ ስንት ጊዜ እንደ ተደፋ አያ መለሰ ብቻ ያውቃሉ።

ሦስተኛ፤ ስለ ሥልጠናው። በኅዳር ወር የሥራ ላይ ደህንነት ሥልጠና በትልቁ አዳራሽ ማዘጋጀትዎን እናደንቃለን። መዝገብ ቤቱ ሠለጠነ፣ የሰው ኃይል ክፍሉ ሠለጠነ፣ ከወንበር ወድቀው የማያውቁ ሰዎች ሁሉ ሠለጠኑ። ጋራዡ መዘጋት የለበትም ስለ ተባለ እኛ መካኒኮቹ ብቻ ቀረን። ነገር ግን አልረሱንም፤ የተረፉትን «ደህንነት ይቅደም» የሚል ጽሑፍ ያለባቸውን ነጭ ካናቴራዎች ለእጅ መጥረጊያ ላኩልን። በጋራዡ ውስጥ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን ስለሌለ፣ የአንዱዓለምን እግር ያሰርሁት በአንደኛው ነው። ሆስፒታል የተቀበለችን ነርስ ካናቴራውን ስትፈታ ጽሑፉን አነበበችና ቀና ብላ አየችኝ።

አራተኛ፤ ስለ አጣሪ ኮሚቴዎ። ሦስቱ የተከበሩ አባላት ጫማቸው ዘይት እንዳይነካው ወደ ጋራዡ ሳይወርዱ፣ ከእርስዎ መስኮት ላይ ሆነው ማጣራታቸው የሚደነቅ የዓይን ጥራት ነው። እኔን አስጠርተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ አንዱዓለም የራስ ቆብ አድርጎ ነበር ወይ? እግሩ ለተቆረጠ ሰው! ቃለ ጉባኤያቸው ሁለት ገጽ ነው፤ «ሠራተኛው በራሱ ፈቃድ ከተሽከርካሪው ሥር በመግባቱ» ይላል። መካኒክ ከመኪና ሥር ካልገባ የት ይግባ? «ሽቦ» የምትል ቃል ግን ከመጀመሪያው መስመር እስከ ማኅተሙ አንድም ቦታ የለችም፤ እርስዎም ስለ ሽቦ የሚያውቁት ነገር እንደሌለ ለኮሚቴው ቃልዎን ሰጥተዋል።

አሁን ቁጥሬን ላቁም፤ የሚቀጥለው ምስጋና አይደለምና።

ሽቦውን በእጄ ያሰርሁት እኔ ነኝ። አውቅ ነበር። ማንም መካኒክ ያውቃል። ለእርስዎ እምቢ ማለት ከበደኝና አሰርሁት፤ በሳምንቱም ለምጄው ነበር። አንዱዓለም በዚያን ጊዜ አልነበረም፤ ደባርቅ ካለው ቅርንጫፋችን ተዛውሮ የመጣው አደጋው ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው ነው። የዚያን ጠዋት የፒካፗን ፍሬን ሊሠራ መኪናዋን ጥቂት አንሥተን የኋላ ጎማዎቿን ፈታ፣ ከዚያ ወደ ላይ ከፍ አደረግናት፣ ድምፅ እንዳልሰማ ሲገባው ፊቱን ወደ እኔ መልሶ «ነጃትዬ፣ ተቆልፏል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «ይዟል፣ ግባ» አልሁት። አራት ወር ስላልወደቀ አፌ ለምዶት ነበር። ቱቦው ሲያፏጭ ሰምቼ ስጮህ ዘለለ፤ አንድ እግሩ ብቻ አልደረሰለትም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ በዚያ ጋራዥ ውስጥ ከአራት ወር ወዲህ ከመግባቱ በፊት የጠየቀ ሰው ቢኖር እሱ ነው። በቸልተኝነት እንድከስሰው የሚፈልጉት ይህንን ሰው ነው። ሆስፒታል ስጠይቀው ስለ እናቱ ያወራኛል፣ ስለ ምግቡ ያወራኛል፤ «ይዟል ብለሽኝ ነበር» ብሎ እስከ ዛሬ አልወቀሰኝም። ይህ ከወቀሳ ሁሉ የባሰ ነው፤ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ አፍሬያለሁ። እርስዎ ግን ፊትዎ ወዝቶ፣ ሰላምታዎ ሳይጓደል፣ እስከ ዓርብ ፊርማ ይጠብቃሉ። እንዴት ያለ ሆድ ቢሰጥዎ ነው?

ቸልተኛ መጻፍ ግድ ከሆነ ስሜን ይጻፉ፤ ነጃት ብለው ይጀምሩ። ከእኔ በላይ ግን አንድ ስም አለ። እሱንም የምናውቀው በእርስዎው ትጋት ነው። በእኛ መሥሪያ ቤት ያለ ማዘዣ አንዲት ምስማር ከመጋዘን እንዳትወጣ ያደረጉት እርስዎ ነዎት፤ ንብረት ክፍሏ ወይዘሮ እንኳየሁም ይህን ሕግ እንደ ጾም ትጠብቀዋለች። ሽቦ ልጠይቅ የሄድሁ ዕለት «ለምን አገልግሎት» የሚለው ቦታ ባዶ መሆኑን አይታ ቅጹን መለሰችብኝ። ስለዚህ ሞላሁት፦ «ሽቦ፣ ሁለት ሜትር፤ የሊፍቱን መቆለፊያ ድምፅ ለማስቆም።» እርስዎ ደረጃው ላይ እንደ ቆሙ፣ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ፈቀዱ፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ያ ጅራቱ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ የሚሄደው ፊርማዎ፣ ከነቲተሩ፣ በሦስት ቅጂ አለ። አንዱ ቅጂ መጋዘን ነው፣ አንዱ መዝገብ ቤት ነው። ሦስተኛው የጠያቂው ነው፤ ጠያቂዋ እኔ ነኝ። የዘይት ማቆሚያ ጎማ ለመፍቀድ ሦስት ወር ያልበቃው እጅ ለሽቦ እንዲህ መፍጠኑን ያየ፣ ሥራ አይወዱም ብሎ ሊያማዎት አይችልም።

ስለዚህ በቃለ ጉባኤው ላይ አልፈርምም። ከሥራ እንደሚያሰናብቱኝ ገምቻለሁ፤ ደብዳቤውን በጥቁር እስክሪብቶና በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢያደርጉት አልመልሰውም። ፊርማዬን ግን እንዳልነፍግዎ ከዚህ በታች አኑሬዋለሁ፣ ከዓርብም ቀድሜ አደረስሁልዎ።

የስብሰባዎ ጸጥታ የአንድ ሰው እግር የፈጀ መሆኑን ሳልዘነጋ፣ ለጆሮዎ ጤናን፣ ለልብዎ ደግሞ፣ ልብ ካለዎት፣ ጥቂት እረፍት ማጣትን የምመኝልዎ፣

በእጇ ያሰረችው፣ በእጇም የፈታችው
ነጃት
መካኒክ

ግልባጭ፦
ለአንዱዓለም፣ ሆስፒታል፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ
ለጋራዡ በር፤ ከማዘዣው ፎቶ ኮፒ ጋር ተለጥፏል

ማሳሰቢያ፦ ሽቦውን ዛሬ ጠዋት ከሁለቱም ምሰሶዎች ፈትቼ ለወይዘሮ እንኳየሁ መልሻለሁ። ደንቡን ጠብቃ በገቢ ደረሰኝ ተቀብላኛለች፤ «የዕቃው ሁኔታ» በሚለው ቦታ ላይ «ያገለገለ» ብላ ጽፋለች። ቱቦውና የዘይት ማቆሚያው ጎማም አያ መለሰ ከከተማ ፈልገው ባመጡት ተቀይሯል፤ ማዘዣ አልጠየቅንም፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ሰኞ በመጀመሪያ የምትነሣው የእርስዎ መኪና ናት፣ ዘይት ልትቀይር ነው፤ ስለዚህ ስብሰባ ላይ ሳሉ ከሥር ቋ፣ ቋ፣ ቋ ሲል ይሰማሉ። ከረበሸዎት ወርደው ከመኪናዎ ሥር ይቁሙ፤ ከዚያ ሆነው ሲሰሙት ደስ የሚል ድምፅ ነው።