ያላንኳኳኋቸው አሥራ ስምንት ረድፎች

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ፤

እንደምን ከረሙ ጋሼ? ጉልበትዎ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ ሲያይ ይማረራል? እናታችንስ? ባለቤትዎ እትዬስ? ልጆቹስ፣ ያቺ እንግዳ የምታባርር ዶሮስ? እኔ ከተቧጨረ እጄና አልቃና ካለ ወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ይህን የምጽፈው በምሳ ሰዓት፣ በተገለበጠ የወይን ሣጥን ላይ ነው። ጽሕፈቴ ቢወላገድ ሣጥኑን ይውቀሱት።

እዚህ ወይን የሚለቅመው ሰው ብቻ አይደለም። ወፉ ቀን ይለቅማል፣ ከርከሮው ሲመሽ ይገባል፤ የሚወቀሰው ግን ስም ያለው ለቃሚ ብቻ ነው። ስለዚህ ማሳው በኤሌክትሪክ ሽቦ ታጥሯል። ሥራ ሲያበቃ ተረኛው ለቃሚ ጠጠር ያለበት ጣሳ እያንኳኳ አርባውን ረድፍ ይዞርና የገባ አውሬ ካለ ያስወጣል። ከዚያ ጣሳውን ለዘበኛው ለአባባ ያስረክባል። ጣሳው እጃቸው ገባ ማለት «ውስጡ ባዶ ነው፣ ይዝጉ» ማለት ነው። ሌላ ቃል አያስፈልግም።

ትናንት ተረኛው እኔ ነበርኩ። ሃያ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ዝናቡ ወረደ። በዚህ ዶፍ የትኛው አውሬ ይወጣል ብዬ ተፈላሰፍኩና ጣሳውን አስረከብኩ። እርስዎ «መጽሐፍ ያበዛ ሰው ለስንፍናውም ጥቅስ አያጣም» ይሉኝ አልነበር?

አባባ በሩን ዘግተው ሽቦውን አበሩ። ዛሬ ጠዋት፣ ከሁሉ ቀድማ የምትገባው ለቃሚ፣ «ቀልጣፋ» የምንላት፣ ሠላሳኛው ረድፍ ላይ ስታጎነብስ ከርከሮ ከነአራት ልጆቿ ከቅጠሉ ሥር ተነሣች። መውጫ ስትፈልግ ሽቦ ሲገርፋት ያደረች እናት ናት፤ ምን ትታገሥ? ሴትዮዋን ከነባልዲዋ ጣለቻት። ሁሉም ጮኸ። አባባ ሽቦውን አጥፍተው በሩን ወለል አደረጉና ያንኑ ጣሳ እያንኳኩ ከኋላዋ ዞሩ። ልጆቿን አስቀድማ ወጣች። ቀልጣፋ ጭኗ ተሰፍቶ ተኝታለች፤ ነርሷ እንዳለችው ከቁስሉ ይልቅ የሚያንገበግባት የተደፋው ባልዲ ነው።

አለቃው አባባን፣ ጣሳውን ማን ሰጠዎት አላቸው። አባባ አዩኝ። «ረሳሁት ጌታዬ፣ ሽማግሌ አይደለሁ?» አሉ። ጋሼ፣ እኒህ ሰው የሁላችንንም ልጆች ስም ከነቅጽል ስማቸው ያውቃሉ። አለቃው፣ እንግዲያው እስከ ማታ ዕቃዎን ይሰብስቡ አላቸው። እኔ ባልዲዬን አንሥቼ ወደ ለቀማዬ ተመለስኩ።

አሁን ደወሉ ሊደወል ነው። ወይ አለቃው ቢሮ እገባለሁ፣ ወይ ያ የአባባ ዓይን ዕድሜ ልኬን ይከተለኛል። ከፖስታው ጀርባ አድራሻዬን ያልጻፍኩት ለዚህ ነው፤ ከቢሮው ስወጣ የት እንደማድር አላውቅም።

እናታችንን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። እትዬን ሰላም ይበሉልኝ። ትልቁ ልጅ ጢም አወጣ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እንኳን ደስ ያለው። ትንሿን ግንባሯን ይሳሙልኝ። ዶሮዋን ከሩቅ።

ታናሽ ወንድምዎ
ከወይኑ ማሳ፣ ነሐሴ 24 ቀን

ፖስታውን ሳላሽግ፦ ገብቼ ተናገርኩ። አባባ አይሄዱም። እኔም አልተባረርኩም፤ ለቀማው እስኪያልቅ ግን በየቀኑ ተረኛው እኔ ነኝ። አድራሻዬ፦ የዘበኛው ክፍል፣ ሁለተኛው አልጋ። ዛሬ አርባውንም አንኳኩቼ ጣሳውን ዘረጋሁላቸው። ተቀበሉኝ። ከዚያ በሩን ሳይዘጉ፣ አርባውን ረድፍ ራሳቸው እንደገና ዞሩ።