አሥራ አንደኛው አልጋ

ይድረስ ለባለቤቴ እናት፤

እማማ፣ እንደምን ከርመዋል? ደም ግፊትዎስ? መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳሉ ወይስ እንደ ድሮው የሚያስታውስዎት ሰው ይፈልጋሉ? እኔ ጤናዬ ደህና ነው። የደንብ ልብስ የምንሰፋበት ፋብሪካ አልተዘጋም፤ እኔም ከኪስ ክፍል አልወጣሁም። ቀኑን ሙሉ የሰው ኪስ ስሰፋ እውላለሁ። ይህንንም የምጽፍልዎት በምሳ ሰዓት፣ የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ወረቀቱን ጠመኔ ቢነካው አይቀየሙኝ።

ሰላምታው ይብቃን። እርስዎም ሰላምታዬን ከፈለጉ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አያኮርፉኝም ነበር። «በምላሷ ልጄን ከቤቱ አባረረችው» ብለው ያልነገሩት ጎረቤት የለም። ባለ ሱቁ እንኳ ሳሙና ሲሸጥልኝ ቀና ብሎ አያየኝም ነበር። እኔም ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም ግማሹን አምኜዎት ነበር። ለአናጢነት ሥራ ሌላ ከተማ የሄደ ዕለት ጠዋት ተጣልተናል፤ «ብትቀርም አይጎድልብኝም» ብዬዋለሁ። ወረርሽኙ እዚያ ያዘው። ሆስፒታሉ ስንደውል «የአሥራ ሁለተኛው አልጋ ሕመምተኛ ተሽሎት፣ ለማንም ሳይናገር በእግሩ ወጥቷል» አለን። እርስዎ ወዲያው ወደ እኔ ዞሩ። ወደ እሷ ላለመመለስ ነው፣ አሉ።

ከዚያ ያ ሰዓት ሠሪ መጣ። ተከታዮቹ «የተመለሰው» ይሉታል፤ እኔ ሰዓት ሠሪው ነው የምለው። በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ክፍል፣ አሥራ አንደኛው አልጋ ላይ ሞቼ፣ ተቀብሬ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሣሁ አለ። በወረርሽኙ ምክንያት ሳጥኑን ሳይከፍቱ የቀበሩት ዘመዶቹ እያለቀሱለት ሳለ በሩን ከፍቶ ገባ፤ ይህ እውነት ነው፣ ያየ ሁሉ ይመሰክራል። የሞት ወረቀቱም ማኅተም አለው። የድሮው ሲኒማ ቤት ለተከታዮቹ እስኪጠብ ድረስ ሞላ። እርስዎም ገቡ። እጁን ራስዎ ላይ ጭኖ «ልጅሽ በመንገድ ላይ ነው» ስላለዎት እኔን ትተው እሱን ያዙ። አልፈርድብዎትም፤ እኔ እንዲህ ያለ ቃል ልሰጥዎት አልችልም ነበር።

ባለፈው ዓመት ጋዜጠኞቹ ተነሡበት። ወረቀቱን እንዳለ አተሙት። «ልዩ ምልክት» ከሚለው ጎን «ከግራ እጁ ሁለት ጣት የለም» ይላል። ሰውየው ደግሞ ሲባርክ አሥሩንም ጣቱን ዘርግቶ ነው። ጋዜጣው «ወረቀቱ ሐሰተኛ ነው» አለ። ሆስፒታሉ «ማኅተሙም የእጅ ጽሕፈቱም የእኛ ነው» አለ። ተከታዮቹ ይህን ሲሰሙ ጭራሽ ባሰባቸው፤ ጣቶቹም አብረው ተነሡ ተባለ! የገዛ እኅቱ ሬዲዮ ላይ ቀርባ፣ ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ሁለቱ ጣቶች አልነበሩትም ብላ ማለች። አንዱ ደውሎ፣ ታዲያ ያንን ሁሉ ሰዓት በምኑ ሲፈታ ኖረ ብሎ ቢጠይቅ መስመሩን ዘጉበት። አገር ሁሉ ስለ ማኅተም ተጨቃጨቀ። የማን እጅ ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

እማማ፣ እነዚያን ሁለት ጣቶች መጋዙ ሲቆርጣቸው እኔ ገና አልተዳርኩም ነበር። በፎጣ ጠቅልለው ወደ ክሊኒክ የሮጡት እርስዎ ነዎት።

ያኔ ተረኛ የነበረችውን ነርስ ፈልጌ አገኘኋት፤ ጡረታ ወጥታለች። የሕመምተኛው ስም ያለበት ካርድ በአልጋው ግርጌ ይንጠለጠል ነበር አለችኝ። ሕመምተኛ ቦታ ሲቀይር ነርስ ካርዱንም አብራ ታዛውራለች። በዚያ ሳምንት ግን ለአርባ አልጋ ሁለት ነርስ ብቻ ነበሩ። በር አጠገብ፣ አሥራ ሁለተኛው አልጋ ላይ የተኛው አናጢ ትንፋሽ አጥሮት መስኮት መስኮት ሲል፣ መስኮቱ ሥር የነበረው ሰዓት ሠሪ አዘነለትና ተነሣለት። ለማንም ሳይናገሩ ተለዋወጡ። ካርዶቹ እንደተንጠለጠሉ ቀሩ። ሰውየው በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ እውነተኛው በጎ ሥራ ይህ ነው፤ አንድም ቀን ግን ሰብኮት አያውቅም።

አሁን ያ የሞት ወረቀት በባለቤቴ ስም እንዲታረም ክስ መሥርቻለሁ። ዳኛው፣ የሚስት ቃል ብቻውን አይበቃም፣ ስለ እጁ እናቱ ቀርባ ትናገር ብለዋል። የፊታችን ሐሙስ ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተፈታሁም፣ ያገባሁም፣ ሌላም ነገር አልሆንኩም። የሚገባኝን ስም ከእርስዎ አፍ በቀር የሚሰጠኝ የለም።

ይህንን በቃሌ ልነግርዎት ሰኞ ዕለት እዚያ ሲኒማ ቤት መጥቼ ነበር። በረኛው «እማማ የሉም፣ ሰኞ ሰኞ አገልግሎት ላይ ናቸው» አለኝ። ምን አገልግሎት ብዬ ጠየቅኩት። ወጥ ቤትም፣ መጋረጃ ማጠብም ቀርቦላቸው እምቢ ብለው፣ «የተመለሰው» ተነሥቶበታል የሚባለውን ባዶ መቃብር መጥረግ መረጡ አለኝ። ከመቼ ጀምሮ አልኩት። ጋዜጣው ከወጣ ማግስት ጀምሮ ነው አለ። ደግ ሰው ነው፣ ሳልጠይቀው ጨመረልኝ። ሲጠርጉ ብቻቸውን ያወራሉ፣ አንዳንዴም ድንጋዩን በመዳፋቸው እያሻሹ «በረደህ እንዴ?» ይላሉ አለኝ።

ቤቴ እስክደርስ ድረስ አለቀስኩ። ለእርስዎ ይሁን ለራሴ አላወቅኩም።

ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ፍርድ ቤቱ በር ላይ እጠብቅዎታለሁ። ባይመጡም አልቀየምዎትም ልል ነበር፤ ግን እቀየማለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ ልብም ጨምሮ ይስጥዎት።

እስከዚያው፣ የፊታችን ሰኞ ሲወጡ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ምራትዎ