ብቻዬን የምጫወተው ጌም

ጋሊን፣

በሩዝ የተሞላው ቃሪያ ፍሪጅ ውስጥ አለ። እርጎውን ከሞቀ በኋላ አድርግበት። ቁልፌን ለጎረቤታችን ለእትዬ ሩሚያና ሰጥቻቸዋለሁ። "ወዴት ነው ሻንጣ ይዘሽ?" ሲሉኝ "ቫርና፣ እናቴ ጋ" አልኳቸው። ሌላ አልጠየቁኝም።

ለጓደኞችህ ሁሌ "ዞርኒፃ ሰው አትወድም፣ ብቻዋን ነው የምትጫወተው" እያልክ ትስቃለህ። እውነት ነው፣ በኢንተርኔት ስትጫወቱ የእናንተን ጫጫታ አልወደውም። የማላውቀው ሰው ጆሮዬ ላይ ሲሳደብብኝ ምን ደስ ይለኛል?

ደግሞ የኔ ጌም ሰው ሲጠራኝ ይቆማል።
ያንተ አይቆምም።

ትናንት አጠገብህ ቆሜ "እዚህ ቤት እንድቆይ ትፈልጋለህ?" አልኩህ። ማዳመጫህን ሳታወልቅ ራስህን ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቅክ። በካሜራ የምታያቸው የውጭ ጓደኞችህ "አዎ" አባባል ተጋብቶብህ ይሁን፣ ወይስ እንደኛ እንደ ቡልጋሪያውያን በዚሁ ንቅናቄ "አይ" ማለትህ፣ አላወቅኩም። ደግሜ ልጠይቅህ ስል "ቆይ በናትሽ፣ ይሄ አይቆምም!" አልከኝ።

ቆየሁ እኮ።

የጌም ማጫወቻዬን ትቼልሃለሁ። የጌሜ መርከበኛ የመጨረሻው በር ላይ ቆማለች፣ አልከፈትኩትም። ድሮ ሶፋው ላይ ተጠግተኸኝ "ከኋላሽ! ከኋላሽ መጣ!" እያልክ ስትጮህ፣ "ያለኔ እንዳትጨርሺው" ብለኸኝ ነበር።

ክፈተው። እኔ አልቻልኩም።

ብቻዬን መጫወት እወዳለሁ ስልህ እኮ፣ አንተ አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር።

ዞርኒፃ