ቢጫው ናስትሮ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ቀለል ያለ ቀን። ሁለት አምፖል፣ አንድ ባትሪ። ከሰዓት እትዬ አዋላጅ መጡ። ሰፈሩ እንዲህ ነው የሚጠራቸው፤ የኔንም ልጅ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። አምና የገዟት መኪና እየሄደች ድርግም ትላለች። ብልሽት የሚያነበውን ማሽን ሰካሁ... የሞተር ሴንሰር ኮድ። "ቀላል ነው እትዬ" አልኩ። ሴንሰሩን ቀየርኩ፣ ኮዱን አጠፋሁ፣ ሸኘኋቸው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
ተመለሱ! ትናንት ምጥ የያዛት ሴት ጋ ሲሄዱ መሀል አስፋልት ላይ ቆማባቸዋለች። በእግራቸው ሮጠው ደረሱ። ለጥቂት።
"ሌላ ጊዜ ባልደርስስ ልጄ?"
ኮፈኑን ከፈትኩ። ማሽኑ ዛሬ ደግሞ የማርሽ ሴንሰር ነው አለ። እሱንም ቀየርኩ።
እራት ላይ ባለቤቴ "ዛሬስ ማንን ስትረግም ዋልክ?" አለችኝ። ልማዴን ታውቃለች። ከኔ በፊት መኪናውን የነካውን ሰው ሳልረግም ኮፈን ከፍቼ አላውቅም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8
አሁንም ቆመች። ሦስት ኮድ ባንዴ... ሞተር፣ ፍሬን፣ መሪ። ምን ያገናኛቸዋል? ያኔ ነቃሁ። ሦስት ሴንሰር ባንድ ቀን አይሞትም። ማሽኑ የሚነግረኝ ማን እንደጮኸ ነው፤ ማን እንደመታው አይነግረኝም። ይሄን ሰኞ ማሰብ አቅቶኝ ነው?
ቴስተር አወጣሁ። ማሳውን፣ ከባትሪው ወደ ቦዲው የሚሄደውን ሽቦ ለካሁ። ልክ አይደለም። ብሎኑን ስፈታው ከሥሩ ቀለም! ዙሪያውን ዝጓል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ሴንሰሮቹ ሁሉ የሚጮኹት ለዚህ ነው። ያሰረው ሰው ቀለሙን ሳይፍቅ ነው ያሰረው። ተለማማጅ እንኳን እንዲህ አያደርግም።
"ይሄን ያሰረ እጁ ይቆረጥ!" ጋራዡ በሙሉ ሰማኝ።
ከዚያ ሽቦውን አገላበጥኩት። የተጠቀለለበት ቢጫ ናስትሮ፣ ሦስት ዙር፣ ጫፉ ታጥፏል።
ጫፉን የማጥፈው እኔ ነኝ... እዚህ አካባቢ ሌላ የሚያጥፍ የለም።
የጋራዡን ቀለም ቀቢ ጠርቼ መኪናዋን ያውቃት እንደሆነ ጠየቅሁት። "ረሳሃት እንዴ? የዛሬ ሦስት ዓመት ተጋጭታ መጣች፣ እኔ ቀባሁ፣ አንተ ገጠምክ። ያኔ የሌላ ሰው ነበረች።" አየኝና ሳቁ መጣ። "በል እጅህን አምጣ፣ መጋዝ ላምጣልህ!"
ወይ ጉዴ! በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈቅፍቄ አሰርኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
ልንገራቸው? ወይስ "ተስተካክላለች" ብዬ ቁልፉን ልስጥ? ቀቢው አይናገርም። እሳቸው በምን ያውቃሉ? ግን ያቺ ምጥ ላይ የነበረች እናት አንድ ነገር ብትሆንስ ኖሮ? አፈርኩ፤ በጣም ነው ያፈርኩት።
ነገርኳቸው። ቀለሙን፣ ናስትሮውን፣ በከንቱ የቀየርኩትን ሴንሰር... ሁሉንም። እጄን አየት አደረጉ።
"ታዲያ አሁን ይሄን እጅህን ልመነው?"
ቁልፉን ዘረጋሁላቸው። "ይሞክሯት እትዬ" አልኩ። ቁልፉን ተቀበሉ። ፈገግ እንኳን አላሉም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ጠዋት አንድ ሚኒባስ ገባ። ኮፈኑን ስከፍት ሽቦው ጉድ ነው፣ እንደ ተተረተረ ሹራብ። አፌን ከፈትኩ... መልሼ ዘጋሁት። መጀመሪያ ናስትሮውን አየሁ። ጥቁር ነው፣ የኔ አይደለም። ቢሆንም ማንንም አልረገምኩም። ቀቢው "አመመህ እንዴ?" አለኝ።
ከሰዓት ስልክ ጮኸ። እትዬ አዋላጅ! ክው አልኩ፤ ቆመች ሊሉኝ ነው ብዬ።
"ሩቅ ነበር፣ ዳገቱም ዳገት አይምሰልህ" አሉ። "ደርሻለሁ።"
ከኋላቸው ሕፃን ያለቅሳል።
"ሰማህ?"
"ሰማሁ እትዬ።"