የበሩን ማስታወቂያ በትክክል ስላነበበች ተማሪ

ለተከበሩት የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ደም ግፊትዎ ወርዶ፣ እንቅልፍዎ ተመልሶ፣ ሻይዎም ሳይቀዘቅዝ እየደረሰልዎ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህርትዎ ከእንቅልፍ እጦት በቀር ደህና ነኝ። ይህን የምጽፈው ቢሮዎ በር ላይ በቆምኩ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለምባል ነው፤ ስብሰባው የሚያልቅበት ዘመን እስኪመጣ በጽሑፍ ደጅ መጥናት ይሻላል ብዬ።

ጉዳዩን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ሌላ አንባቢ እንዳይቸገር ግን ከሥሩ ልጀምር። የመማሪያ መጽሐፉ፣ ሰውን ለማሳመን የተጻፈ ጽሑፍ እንዴት እንደሚመረመር አስተምሪ ይለኛል፤ አስተማርኩ። የሚናገረው ማነው? ለማን? አንባቢው ምን እንዲያደርግለት ይፈልጋል? በማስረጃ ያሳምናል፣ በስሜት፣ ወይስ «እኔን እመኑኝ» በማለት? ምንስ ሳይናገር አለፈ? ከዚያም «ከአካባቢያችሁ አንድ ጽሑፍ አምጡና መርምሩ» አልኳቸው። የሚበዙት የሳሙና ማስታወቂያ ይዘው መጡ። ጥያቄ ስለምታበዛ ጓደኞቿ «ለምንዬ» የሚሏት ልጅ ግን በግቢው በር ላይ የተለጠፈውን፣ እርስዎ የፈረሙበትን ማስታወቂያ ገልብጣ መጣች። «ውድ ወላጆች፣ እንደ አባት እመክራችኋለሁ፤ ማርፈድ የስንፍና ልጅ ነው፤ ስለዚህ ደወል እንደተደወለ በሩ ይቆለፋል፤ አስተዋይ ወላጅ ሁሉ በዚህ ይስማማል» የሚለውን።

ልጅቷ በጥሩ እንግሊዝኛ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «እንደ አባት» ማለቱ አመኔታ ለማግኘት ነው፤ «አስተዋይ ወላጅ ሁሉ» ማለቱ የማይስማማው ሰው እንዲያፍር ነው፤ ለማርፈድ አንድ ምክንያት ብቻ መስጠቱ ሌላውን ላለመስማት ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመረች፦ «አባቴ በሕይወት ሳለ በር የሚቆልፈው ሁላችንም መግባታችንን አይቶ ነበር።»

እኔ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼ ከጥሩ ሥራዎች ጋር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ምክትልዎ ገንጥለው አመጡልዎ። እርስዎም ልጅቷን አባረሯት። እንግዲህ ያለብኝን ምስጋና በተራ ላቅርብ።

1ኛ. ጽሑፉን ስላነበቡ አመሰግናለሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ መጻሕፍቱን እያበሰበሰ ነው ብዬ በየዓመቱ የምጽፈውን ለማንበብ ጊዜ ያጡ ዓይኖች፣ የአንዲት ተማሪን የቤት ሥራ ከነሥርዓተ ነጥቡ መመርመራቸው ለሙያዬ ትልቅ ክብር ነው።

2ኛ. ልጅቷ ለምን እንደምታረፍድ ባለመጠየቅዎ አመሰግናለሁ፤ ቢጠይቁ ማስታወቂያው ሊበላሽ ይችል ነበር። እናቷ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ የማታ ፈረቃ ሠራተኛ ናቸው። እሳቸው ከሥራ ካልተመለሱ ገና ድክ ድክ የምትለውን ታናሽ እህቷን ጥላ መውጣት አትችልም። ስንፍናዋ ይኸው ነው።

3ኛ. እናትየዋን ቢሮዎ ስለተቀበሉ አመሰግናለሁ። ከፈረቃ በቀጥታ ነበር የመጡት፤ እጃቸው በበረኪና ተልጧል። «ጌታዬ፣ ልጄ ምን ሰረቀች?» አሉዎት። «ክብሬን» አሏቸው። ሴትዮዋ ተንበረከኩ፤ እርስዎ ስልክዎን አነሡ። ልጅቷ ብብታቸውን ይዛ «እማ፣ ተነሺ። እንሂድ» አለችና ይዛቸው ወጣች። ወለሉን በዚያው ጠዋት አስወልውለው ስለነበር ቀሚሳቸው አልቆሸሸም፤ ለዚህም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

4ኛ. ክፍሌን ጸጥ ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ። አሁን አንድ ጽሑፍ አንብቤ «ይህ ጸሐፊ ከእኛ ምን ይፈልጋል?» ስል፣ ተማሪዎቼ በመስኮት ወደ ቢሮዎ አየት ያደርጉና «መልካም ነገር፣ ቲቸር» ይሉኛል። ሳሙና ሻጩም መልካም፣ ምርጫ ተወዳዳሪውም መልካም፣ በወር ሀብታም አደርጋችኋለሁ የሚለውም መልካም። ነገ አንዱ አጭበርባሪ ቤታቸውን ሲያስፈርማቸው ይህን ጨዋነታቸውን ማን እንዳስተማራቸው እንደሚያስታውሱ እርግጠኛ ነኝ።

አምስተኛም ነበረኝ፤ ግን ምስጋናው አለቀብኝ።

ባለፈው እሑድ ቤታቸው ሄጄ ነበር። አንዲት ክፍል ናት። እናትየዋ አልጋው ላይ ተኝተዋል፤ ልጅቷ እህቷን ጉልበቷ ሥር አስቀምጣ ፀጉሯን ታበጥራለች። «እንዴት ነሽ?» አልኳት። እናቷ እንዳይነቁ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቲቸር፣ የጻፍኩት ስህተት ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«አልነበረም» አልኳት።

«ታዲያ ለምንድነው እርስዎ እዚያ ትምህርት ቤት፣ እኔ እዚህ የሆንነው?»

ክቡር ሆይ፣ ዕድሜዬን በሙሉ ጥያቄ በመጠየቅ እንጀራ የበላሁ ሴት ነኝ። ማበጠሪያውን ተቀብዬ የሕፃኗን ፀጉር ማበጠር ጀመርኩ። ስወጣም ደህና ዋዪ ማለቴን አላስታውስም።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቀልድ አይደለም፤ እባክዎ እንደ ቀልድ አያንብቡብኝ። የመጨረሻው ፈተና ምዝገባ ዓርብ ይዘጋል። ስሟን ይላኩላት። ይቅርታ ከፈለጉ እኔ በማለዳ ሰልፍ ላይ ቆሜ እጠይቅዎታለሁ። ወደ መጋዘን ቢያዛውሩኝ ጠመኔ እቆጥራለሁ፣ ደሞዜን ቢቀጡኝ አልከስም፣ ነጥቧ ያስቆጣዎት እንደሆነ ቁጣው ከነሙሉ ወጪው በእኔ ይሁን። አሥራ ሁለት ዓመት የተማረች ልጅ ናት። አንዲት ፊርማ ናት። እለምንዎታለሁ።

በፍጹም ትሕትና፣ ቢሮዎን ከውጭ በኩል ጠንቅቃ የምታውቅ፣ ጤናዎን ለዘወትር የምትመኝ፣

የእንግሊዝኛ መምህርትዎ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ረቡዕ ለጸሐፊዎ ሰጥቼ ነበር። ዛሬ ቅዳሜ፣ ምዝገባው በተዘጋ ማግስት ተመለሰልኝ። ሁለት የፊደል ግድፈት በቀይ እስክሪብቶ አርመው፣ ግርጌው ላይ «ቃናው ትሕትና የጎደለው ነው» ብለው ጽፈዋል። እርማቱን ተቀብያለሁ፤ ስለ ቃናው የሰጡት ትንተናም ትክክል ስለሆነ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼዎታለሁ። ስለ ልጅቷ የጻፉት ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ወረቀቱን አገላብጬ አየሁት፤ የለም። ስለዚህ ደብዳቤው ከዛሬ ጀምሮ ለሁሉም ሰው ነው። ልጅቷ ሰኞ እህቷን አዝላ ከእናቷ ጋር የማታ ፈረቃ ትገባለች።